የኤሌክትሪክ መሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ስለሆንኩ ስለ መሪ የማልጠየቅበት ቀን የለም፤ ከታች ያሉት ደጋግመው የሚመጡት ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ኤሌክትሪክ መሪ ምንድን ነው? ከዘይቱ በምን ይለያል?

መሪ ሲያዞሩ ጎማውን የሚያዞረው የእርስዎ ክንድ ብቻ አይደለም። አጋዥ አለው። ድሮ አጋዡ ዘይት ነበር። የመኪናው ሞተር በቺንጋ ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓው ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ደግሞ ራኩን (የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ጥርሳም ብረት) ይገፋል። ክራይስለር ይህን ዘዴ በ1951 ኢምፔሪያል ላይ ገጥሞ ለገበያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት «ፓወር ስቲሪንግ» ማለት ዘይት ማለት ነበር።

በኤሌክትሪኩ መሪ ዘይት የለም፣ ፖምፓ የለም፣ ቺንጋ የለም። በመሪው ዘንግ ወይም በራኩ ላይ አንዲት ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ትገጠማለች። ኃይሏን የምታገኘው ከባትሪውና ከዲናሞው ነው። በብዛት በተመረተ መኪና ላይ መጀመሪያ የገባችው በ1988 ነው፤ ሱዙኪ ሰርቮ በምትባል ትንሽዬ የጃፓን መኪና ላይ። ከትንሽ መኪና መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ያኔ በ12 ቮልት የምትሠራ ሞተር ከባድ መኪና ለማዞር አቅም አልነበራትም። (እንዳንደናገር፦ ከዚህ በታች «ሞተሩ» ስል የመኪናውን ነው፤ «ሞተሯ» ስል የመሪውን።)

ትልቁ ትርፍ ነዳጅ ነው። የዘይቱ ፖምፓ መሪ ቢያዞሩም ባያዞሩም አብሮ ይሽከረከራል። በአዳማ ፈጣን መንገድ ቀጥ ብለው ሲሄዱም ነዳጅ ይበላል። ኤሌክትሪኳ ሞተር ግን ካልተፈለገች ዝም ብላ ትቀመጣለች።

የእኔ መኪና የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

ኮፈኑን ይክፈቱ። የመሪ ዘይት የሚሞላባት፣ ክዳኗ ላይ የመሪ ምልክት ያለባት ትንሽ ዕቃ ካለች የዘይት ነው። ከሌለች፣ መኪናው ጭራሽ አጋዥ የሌለው አሮጌ ካልሆነ በቀር፣ ኤሌክትሪክ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ማብራት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ኢፒኤስ» ወይም «ፒ/ኤስ» የሚል ጽሑፍ፣ ወይም የመሪ ሥዕል ከቃለ አጋኖ ጋር በርቶ ሲያስነሱ ከጠፋ ኤሌክትሪክ ነው።

እኛ ከተማ ከሚታዩት ከ2005 ወዲህ የተሠሩ ቪትዝና ያሪስ፣ ስዊፍትና ዲዛየር ኤሌክትሪክ ናቸው። የአይሱዙ የጭነት መኪናዎችና አብዛኞቹ ሚኒባሶች በዘይት ይሠራሉ። መሃል ላይ ያለም አለ። ዘይት አለው፣ ፖምፓውን የሚያዞረው ግን ቺንጋ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። የመጀመሪያው ማዝዳ 3 እንዲህ ነው። እሱን እንደ ዘይት መሪም እንደ ኤሌክትሪክ መሪም መንከባከብ ያስፈልጋል።

የኤሌክትሪክ መሪ ዘይት መጨመር ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። የሚጨመርበት ቦታም የለውም። ጥርሶቹ ፋብሪካ የተቀባ ግሪስ አላቸው፤ ያ ነው። «የመሪ ዘይት አልቋል» ብሎ ሊያስከፍልዎት የመጣ ካለ የት እንደሚሞላ ያሳይዎት።

እየነዳሁ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ መሪው ይቆለፋል?

አይቆለፍም። ይህ በጣም የሚፈራ ነገር ስለሆነ ደግሜ እላለሁ፦ አይቆለፍም። ዛሬ መንገድ ላይ ባሉት መኪናዎች ከሞላ ጎደል በሁሉም መሪው ከጎማው ጋር በብረት ዘንግ ተያይዟል። ሞተሯ አጋዥ ናት እንጂ አገናኝ አይደለችም። እሷ ብትሞት መሪው ይከብዳል፣ ነገር ግን ይዞራል። በፍጥነት ሲሄዱ ክብደቱ ያን ያህል አይሰማም። ጉዱ የሚታየው ቆመው ወይም በዝግታ ሲያዞሩ ነው።

እንዲህ ከሆነ በሁለት እጅ አጥብቀው ይያዙ፣ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ዳር ይያዙ። ሞተሩም አብሮ ጠፍቶ ከሆነ ፍሬኑ ከጥቂት ረገጣ በኋላ ይጠጥራል፤ ስለዚህ አንዴ ረግጠው ይያዙት እንጂ አይደጋግሙት። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን እስከ መጨረሻው መልሰው እንዳይነቅሉት። መሪ የሚቆልፈው እሱ ነው።

የመሪው መብራት በራ። መንዳት እችላለሁ?

ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ እገዛው ቀንሷል ወይም የመሪው ኮምፒውተር አንድ ችግር መዝግቧል ማለት ነው። ቀስ ብለው ጋራዥ መድረስ ይችላሉ። ቀይ ከሆነ ወይም መሪው ድንገት ከከበደ ዳር ይዘው ይቁሙ። ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ያስነሱ። መብራቱ ከጠፋና መሪው ወደነበረበት ከተመለሰ ጊዜያዊ ነበር፤ የቮልት መውረድ ወይም ሙቀት ይሆናል። ቢሆንም ጋራዥ ባለ መመርመሪያ ኮምፒውተር ያስነብቡት፤ የተመዘገበው ኮድ መነሻው ከየት እንደሆነ ይናገራል።

አንድ ልመና አለኝ። መብራቱን ብቻ አጥፍቶ የሚሸኝ ሰው ጋ አይሂዱ። ኮድ መሰረዝ ጥገና አይደለም።

ጠዋት ጠዋት መሪው ይከብደኛል፣ ከሰዓት ደህና ነው። ራኩ ተበላሽቶ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፣ ግን መጨረሻ የሚጠረጠረው እሱ ነው። መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሄደው የጎማዎቹን ንፋስ ያስለኩ። የላላ የፊት ጎማ መሪ ያከብዳል። ቀጥሎ ባትሪ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ የሚወስዱት 9 አምፔር ገደማ ነው። የመሪዋ ሞተር ግን ቆመው በኃይል ሲያዞሩ በትንሽ መኪና እንኳ 40፣ 50፣ 60 አምፔር ትጎትታለች። ይህን የሚያህል ኃይል በአንዴ የሚጎትት ሌላ ዕቃ ከሞተሪኖው (ሞተሩን ከሚያስነሳው) በቀር መኪናው ላይ ብዙ የለም። ዲናሞው ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ብዙ አይሰጥም። የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። ባትሪው ከደከመ ቮልቱ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ቮልት ሲወርድ ሆን ብሎ እገዛውን ይቀንሳል፤ በጣም ከወረደም ጭራሹን ያቋርጣል። ጠዋት ብርድ ነው፣ ባትሪው ሌሊቱን ቆሟል፣ መብራትና ማሞቂያ በርቷል። ከሰዓት ባትሪው ሞልቷል። እንቆቅልሹ ይኸው ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ትንሽ መኪናውን ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ «የመሪው ዘንግ ከነሞተሯ ይቀየር» ተብሎ ዋጋ ተነግሮታል። ፊቱ ላይ ጭንቀቱ ይታያል። ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት እንደ ሻጋታ ቆሟል። ሞተሩን አስነስቼ፣ መብራቱን አብርቼ፣ መሪውን እንዲያዞር ነገርኩት። ቴስተሩን በባትሪው እርሳስ ጫፎች ላይ ሳሳርፍ 12.4 ቮልት አነበበ። የፖዘቲቩን እርሳስ ለቅቄ በላዩ የታሰረውን ብረት ስነካ 10.1 ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጣት ውፍረት አይሞላም። ከ2 ቮልት በላይ እዚያች ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ይቀራል! በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብነው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግነው፣ አጥብቀን አሰርነው። መሪው በአንድ ጣት መዞር ጀመረ።

ስለዚህ ራክ ከመቀየርዎ በፊት እነዚህን ያስለኩ። ሌሊቱን ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 መሆን አለበት። ከዚያ ከባትሪው ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ የታሰረበት ቡሎን ይታይ፤ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ታስሮ ከሆነ ተፍቆ እንደገና ይታሰር። የመሪው ፊውዝም አለ፤ ከሌሎቹ ይተልቃል፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 አምፔር ነው። ከዚያ መሪው እየዞረ እንደገና ይለካ። ቆሞ የተለካ ቮልት ብቻውን ስለ መሪ ብዙ አይናገርም።

ባትሪ ካስቀየርኩ ወዲህ የመሪው መብራት አልጠፋ አለ። ምንድን ነው?

ባትሪው ሲነቀል መሪው «ቀጥ» ማለት የቱ ጋ እንደሆነ የሚያስታውሰው ሴንሰር መነሻውን ረስቶ ነው። ብዙ መኪና ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነስተው መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ያዙሩ፤ ቀጥ አድርገው ትንሽ ይንዱ። ይጠፋል። ካልጠፋ በኮምፒውተር ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቦታ ጠቦኝ ደጋግሜ ሳዞር መሪው ከበደ፤ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ለቀቀ። ለምን?

ሞተሯ ግላ ነው። ራሷን እየተከላከለች ነው። ሲሞቅ ኮምፒውተሩ አምፔሩን ይቀንሳል፤ ሲበርድ ይመልሰዋል። ብልሽት አይደለም።

የሚጎዳት ልማድ ግን አለ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ እዚያው ወጥሮ መያዝ ነው። ያኔ ሞተሯ አትዞርም፣ አምፔሩ ግን ይገባል። ስትዞር ሙቀቱ በሦስቱም ጥቅልሎቿ ይከፋፈላል። ቆማ ስትወጠር ግን አንዱ ወይም ሁለቱ ላይ ይከመራል። ጫፍ ሲደርሱ ጥቂት ለቀቅ ያድርጉት። ከተቻለም ጎማው ትንሽ እየተንከባለለ ያዙሩ፤ የቆመ ጎማ ማዞር ለመሪው ከሁሉም የከበደው ሥራ ነው። ከፋብሪካው ሰፋ ያለ ጎማ ያስገጠሙ ሰዎች ይህ ችግር ቶሎ ይጀምራቸዋል።

ኮብልስቶን ላይ መሪው ውስጥ ኳ ኳ ይላል። ከሞተሯ ነው?

ከታች ከሆነ የሚሰማው ቴስቲኒ፣ የባላንስ ዘንግ ወይም የራኩ መልበስ ይሆናል፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው። ከላይ፣ ከእጅዎ አጠገብ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ሞተሯ በመሪው ዘንግ ላይ በተገጠመችባቸው መኪናዎች በሞተሯና በጥርሱ መካከል ኮከብ የምትመስል ትንሽ ላስቲክ አለች። በአንዳንድ የሃዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች ይህቺ ላስቲክ እያረጀች ትፈራርሳለች። ያኔ ብረት ብረትን ይመታል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች። እሷን ለማውጣት ግን ዘንጉ መፈታት ስላለበት የጉልበት ዋጋው ይበልጣል።

ውስጡን ገልጦ ላየው ደስ ይላል። ከሞተሯ የሚወጣው እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ብረት ነው። እሱ የሚነክሰው ትልቁ ጥርስ ደግሞ ነጭ ወይም ቡናማ ፕላስቲክ ነው። «ፕላስቲክ ተደረገ!» ብለው አይናደዱ። ድምፅ እንዳይኖርና ንዝረት ወደ እጅ እንዳይመጣ ታስቦ ነው። ግሪሱ ደርቆ ጥርሱ ሲበላ ግን መሪውን ሲያወዛውዙ ክፍተት ይሰማዎታል።

መኪናዬ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ካምፓናቱራ (የጎማዎች አቅጣጫ ማስተካከል) ነው ወይስ የመሪው ኤሌክትሪክ?

አብዛኛውን ጊዜ ካምፓናቱራ ወይም ጎማ ነው። መጀመሪያ እሱን ያሠሩ። ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ቀላል ፈተና አለ። ጭር ባለ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው እየነዱ መሪውን ለቀቅ ያድርጉ፤ ያዩትን ይያዙ። ከዚያ አንድ ባለሙያ የመሪውን ፊውዝ ነቅሎ እዚያው ይድገምላችሁ። ያለ እገዛ ቀጥ ብሎ ሄዶ በእገዛ የሚስብ ከሆነ ጣጣው መሪው በምን ያህል ጉልበት እንደሚዞር ከሚለካው ሴንሰር ነው። ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዞረው «እየዞረ ነው» ብሎ ያምናል፣ እናም ያግዛል።

ቶዮታ ላይ ሲ1515 እና ሲ1516 የሚባሉ ኮዶች አሉ። ትርጉማቸው የሴንሰሩ ዜሮ ነጥብ አልተስተካከለም ወይም ማስተካከሉ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል ነው። ዕቃ መግዛት አያሻም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ጎማዎቹ ቀጥ ይላሉ፣ ማንም መሪውን አይነካም፤ ከዚያ በመሣሪያው ዜሮ ይደረጋል። አንድ ሰው ክንዱን መሪው ላይ ጣል አድርጎ ዜሮ ቢያደርግ የክንዱ ክብደት ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። መኪናው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይስባል። ይህን ስህተት በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ሞተሯ ስንት ጉልበት እንደምትጨምር እንዴት ታውቃለች?

በመሪው ዘንግ መሃል አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። ውፍረቱ ከእርሳስ ብዙ አይበልጥም። መሪውን ሲያዞሩ ጎማው ስለሚከብድ ይህ ዘንግ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ጥምዘዛው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ከጎኑ ያለው ሴንሰር ግን ያነበዋል። ብዙ ከተጠመዘዘ ሰውዬው እየታገለ ነው፤ ጥቂት ከሆነ አልከበደውም። ሴንሰሩ አንድ አይደለም፣ ሁለት ንባብ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልተስማሙ አያምናቸውም።

ኮምፒውተሩ የመኪናውን ፍጥነትም ይጠይቃል። ቆመው ከሆነ ብዙ ያግዛል። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ትንሽ ብቻ፤ አለበለዚያ ባስነጠሱ ቁጥር መኪናው ከመስመር ይወጣል። «በፍጥነት ስሄድ መሪው ይጠነክራል» ብለው የሚመጡ አሉ። ተበላሽቶ አይደለም፣ እንዲህ እንዲሆን ተሠርቶ ነው። ፊያት በ1999 ፑንቶ ላይ «ሲቲ» የምትል ቁልፍ አድርጎ ነበር፤ ስትጫን መሪው ከተማ ውስጥ ላባ ይሆናል። ያንን በዘይት መሥራት ከባድ ነው። በኤሌክትሪክ ግን ቁጥር መቀየር ብቻ ነው።

እሺ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሯን ራሷን እንዴት ነው የሚያዛት? ሲያዞሩት ምንም መንገጫገጭ አይሰማም እኮ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ሥራ አቁሜ ነው የማወራው። የሠፈር ልጅ ያረጀ ጎማ በዱላ ሲያንከባልል አይተዋል? ጎማው የሚንከባለለው ልጁ ጠርዙን ወደ ፊት ሲገፋው ነው። ዱላውን ወደ ጎማው መሃል ቢገፋ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ሞተሯም እንዲሁ ናት። መሃሏ ላይ የሚዞረው ክፍል ማግኔት ነው። ዙሪያዋን ሦስት ጥቅልል ሽቦዎች አሉ። በጥቅልሎቹ አምፔር ሲያልፍ ሌላ ማግኔት ይፈጠራል። ይህ ማግኔት መሃለኛውን የሚገፋው በ90 ዲግሪ ሲሆን ጉልበቱ ሁሉ ወደ መዞር ይሄዳል። ወደ መሃል የሚገፋው ድርሻ ግን ሙቀት ብቻ ይሆናል።

ችግሩ መሃለኛው ማግኔት ቦታውን እየቀያየረ ነው። ስለዚህ የማግኔቱን አቅጣጫ የሚያይ ሌላ ሴንሰር አለ። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ሦስቱን አምፔሮች በሁለት ይከፍላቸዋል፤ የሚያዞረው ድርሻና የማያዞረው ድርሻ። የማያዞረውን ዜሮ ያደርጋል፣ የሚያዞረውን በሚፈለገው ጉልበት ልክ ያስተካክላል። ይህን በሴኮንድ በሺዎች ጊዜ ይደግመዋል። አምፔሩ የሚበራና የሚጠፋው በስድስት ትራንዚስተሮች (በኤሌክትሪክ በሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ነው። ማብራት ማጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሴኮንድ 20 ሺህ ገደማ ስለሚደርስ ጆሯችን አይሰማውም።

መሪን በጣም በፍጥነት ሲያዞሩ አንድ ልዩ ነገር ይመጣል። ሞተሯ ስትፈጥን ራሷ ቮልት ታመነጫለች፤ የባትሪውን 12 ቮልትም ትቋቋመዋለች። ያኔ ኮምፒውተሩ ያንን ዜሮ ያደረገውን ድርሻ ሆን ብሎ በተቃራኒ ይሰጠዋል፤ ማግኔቱን ያዳክማል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይገኛል። ባትሪ የደከመበት መኪና ላይ መሪውን ቀስ ሲያዞሩ ደህና ሆኖ ቶሎ ሲያዞሩ «የሚይዝ» የሚመስለው አንዱ ምክንያት እዚህ ነው። ቮልት ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠፋው ፍጥነት ነው።

ያገለገለ ራክ ወይም የመሪ ዘንግ ሶማሌ ተራ ገዝቼ ማስገጠም እችላለሁ?

ይቻላል፣ ብዙ ሰውም በዚሁ ተርፏል። ግን ቡሎኑ ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። አንድ ዓይነት መኪና ሆኖ የሞተሩ መጠን ሲለያይ የመሪው ፕሮግራም ሊለያይ ይችላል። የከባድ ሞተር ፕሮግራም ቀላል መኪና ላይ ሲገባ መሪው ከልክ በላይ ይላላል። አንዳንድ የአውሮፓ መኪናዎች ደግሞ አዲስ የገባውን ዕቃ በኮምፒውተር ካላስተዋወቋቸው ጭራሽ አይቀበሉም።

ስትገዙ መሪውን በእጅ ከጫፍ ጫፍ አዙሩት። መሃል ላይ የሚይዝ ወይም የሚፈጨፈጭ ከሆነ ይለፉት። ሶኬቶቹ ውስጥ አረንጓዴ ካለ ውሃ ገብቶበታል። ገመዱ የተቆረጠ አይግዙ፤ የመሪ ገመድ መቀጠል አልወድም። ከተገጠመ በኋላ ዜሮ ማድረግና ካምፓናቱራ ግዴታ ነው።

ላቫጆ ላይ ሞተሩን በፕሬዠር ቢያጥቡልኝ መሪውን ይጎዳዋል?

ሞተሯ በመሪው ዘንግ ላይ፣ ማለትም ሳሎን ውስጥ ከሆነች አያሰጋም። ራክ ላይ ከሆነች ግን ታች ናት፣ ሶኬቷም ኮምፒውተሯም እዚያው ናቸው። ውሃ እንዳይገባ ላስቲክ አላቸው፤ ላስቲኩ ግን በቅርብ ርቀት ለሚተኮስ ውሃ ታስቦ አልተሠራም። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ማለፍም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የከፋው የተቀደደ የራክ ሽፋን ላስቲክ ነው። ውሃው በዚያ ገብቶ ውስጡን ያዝገዋል፣ ምልክቱ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። መኪናው ጉድጓድ ላይ በቆመ ቁጥር ያንን ላስቲክ እንዲያዩልዎት ይጠይቁ።

ብየዳም አይርሱ። ቦዲ ሲበየድ ባትሪው መነቀል አለበት።

የገዛሁት ሙሉ ለሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። መሪው የተለየ ነው?

መሪው ያው ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ኤሌክትሪክ መኪና ፖምፓ የሚያዞር ሞተር ስለሌለው መሪው ኤሌክትሪክ ቢሆን አይገርምም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች የመሪዋ ሞተር ኃይል የምታገኘው ከትልቁ ባትሪ በቀጥታ አይደለም። እንደማንኛውም መኪና ከ12 ቮልቱ ባትሪ ነው። ትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ በኩል ትንሹን ይሞላል። ትንሹ ሲደክም ትልቁ 90 በመቶ ሞልቶ እንኳ መኪናው አልነሳ ሊል ይችላል፤ ዳሽቦርዱም መሪውን፣ ፍሬኑን፣ ኤርባጉን በአንዴ ይከሳል። አምስት መብራት አብሮ ሲበራ አምስት ነገር ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ። 12 ቮልቱን ያስለኩ።

መሪው አንዳንዴ ከእጄ ጋር ይታገላል። ኮምፒውተሩ ራሱን ሊያዞር ይችላል?

አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመስመር መጠበቂያው ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ያለ ካሜራ የመንገዱን መስመር ያያል፤ ፍሬቻ ሳያበሩ መስመር ሲለቁ በዚያችው ሞተር መሪውን ይመልሳል። የእኛ መንገድ ላይ የቀለም መስመር አንዴ አለ አንዴ የለም፤ አሮጌውና አዲሱም ተደራርበው ይታያሉ። ካሜራው ይሳሳታል። ከዳሽቦርዱ ሊያጠፉት ይችላሉ። ብዙ መኪና ላይ ግን እንደገና ሲያስነሱ ይመለሳል።

ከዚያ ውጭ፣ ያለ ትእዛዝ ራሱን የሚያዞር መሪ የመሐንዲሶች ትልቁ ፍርሃት ነው። በ2011 የወጣው የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ደኅንነት ደረጃ፣ አይኤስኦ 26262፣ አደጋዎችን ከኤ እስከ ዲ ይመድባል። የመሪ በራሱ መዞር የሚመደበው ዲ ላይ፣ ከሁሉም ጥብቅ ከሆነው ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ ሌላ ተቆጣጣሪ አለ። አንድ ነገር ካልተጣጣመ ከሞተሯ ጋር ያለውን ግንኙነት ይበጥሳል። ባትሪውን መቁረጥ ብቻ አይበቃም። ትራንዚስተር ተቃጥሎ ሁለት ጥቅልሎች እርስ በርሳቸው ከተገናኙ ሞተሯ ስትዞር እንደ ፍሬን ትይዛለች። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ጥቅልሎቹን ራሳቸውን የሚለይ መቁረጫ ያላቸው። ከባድና ነጻ መሪ ከሚይዝ መሪ ይሻላል።

መሪው ከጎማው ጋር በብረት የማይገናኝ መኪና አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ኢንፊኒቲ በ2013 ባወጣው ኪው50 ላይ ጀመረው። መሪው ሴንሰር ብቻ ያዞራል፣ ጎማውን ሞተሮች ያዞሩታል። ኢንፊኒቲ ግን ልቡ አልቻለም፤ ዘንጉን አስቀረና ችግር ሲመጣ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ጨመረበት። በ2023 መጨረሻ ለደንበኞች መድረስ የጀመረው የቴስላ ሳይበርትራክ ዘንጉን ጨርሶ ተወው። በምትኩ ሞተሮቹንና ሴንሰሮቹን ደራረባቸው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይይዛል።

«ከላይ መሪው አይከብድም፣ አይቀልም፤ ታዲያ እጄ መንገዱን በምን ያውቃል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ጎልማሳ ሹፌር ነበር። ትክክለኛውን ነገር ነው የጠየቀው። ከመሪው ሥር ሌላ ሞተር አለች፤ ሥራዋ ጎማው የሚገጥመውን ክብደት አስመስላ እጅን መቃወም ነው። ቀደም ብሎ ከአስፋልት በብረት ሽቅብ ይመጣ የነበረው ስሜት አሁን በአምፔር ተሰልቶ ነው የሚሰጠው።